የወጣቶች የአእምሮ ጤና እቅድ፦ ነዋሪውን ከአዳራሽ ስብሰባ ባለፈ እንዴት እናሳትፍ?

እቅድ_ክፍል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው ስለ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እቅድ ነው። ወረዳው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ 5 ጤና ጣቢያና 24 ቀበሌ አለው። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ አለ፤ ጤና ጣቢያዎቹ ላይ የኤም ኤች ጋፕ (የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው) ሥልጠና የወሰዱ ጤና መኮንኖችና ነርሶች አሉ። ለመጪው በጀት ዓመት የወጣቶችን የአእምሮ ጤና አገልግሎት "ከማኅበረሰቡ ጋር" እንድናቅድ ታዘናል። በለመድነው መንገድ ከሄድን አንድ አዳራሽ፣ 80 ሰው፣ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ሆኖ ያልፋል። ማንን እንጥራ? በምን ቅደም ተከተል? ምን ብለን እንጠይቅ? ደግሞ ዕድሜውን ከስንት እስከ ስንት እንበል?

ሲስተር_ሳይካትሪ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ከዕድሜው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላልና። በ1996 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው፤ ወጣት ማዕከሉም የወጣቶች ሊጉም የሚሠሩት በዚያ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ከ15 ዓመት መጀመር ይዘገያል። 192 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትልቅ ትንተና እንዳሳየው፣ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች 34.6 በመቶው 14 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 48.4 በመቶው 18 ሳይሞላቸው፣ 62.5 በመቶው 25 ሳይሞላቸው ጀምሯቸዋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 24 በሉና በሦስት ክፈሉት፦ 10–14፣ 15–19፣ 20–24። የ12 ዓመት ልጅና የ23 ዓመት ጎረምሳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አይወያዩም፤ ትንሹ ዝም ይላል፣ ትልቁ በእሱ ቦታ ይመልሳል።

ቀጥሎ ጥያቄው። "ምን ዓይነት አገልግሎት ትፈልጋላችሁ?" አትበሉ። መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ ሆስፒታል ይሠራልን፣ ሐኪም ይምጣልን፣ ግንዛቤ ይሰጥ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ግን አንዳቸውም የጤና ጣቢያውን በር ለማስተካከል አይረዷችሁም። በዚያ ፈንታ አጭር ታሪክ አንብቡላቸው። አንዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሌሊት እንቅልፍ ካጣች ሁለት ወር ሆኗታል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ደብተር ከፍታ ገጹን ሳትገልጥ ሰዓታት ይሄዳሉ። ምግብ ሲቀርብ በላሁ ትላለች።"

ከዚያ አራት ጥያቄ ብቻ፦ ይህን እዚህ ሰፈር ምን ይሉታል? መጀመሪያ የምትነግረው ለማን ነው? ቤተሰቧ ወዴት ወዴት ይወስዳታል፣ በቅደም ተከተል? ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ የሚይዛት ምንድን ነው? መልሱን በትልቅ ወረቀት ላይ በቀስት ሳሉት። ጠበሉ፣ ሼኹ፣ ፋርማሲው፣ ከተማ ያለች አክስት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ሁሉም ይወጣል። ሁለተኛው ታሪክ ጫት ስለሚቅምና "ሰዎች ስለ እኔ ያወራሉ" እያለ በር ስለሚዘጋ የ20 ዓመት ልጅ ይሁን፤ ሦስተኛው የሚጥል በሽታ ስላለበትና ትምህርት ስላቋረጠ የ13 ዓመት ልጅ። የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም አይደለም የሚል ይኖራል፤ በኤም ኤች ጋፕ ግን አብሮ ይታከማል፤ መድኃኒቱም ውጤቱም ቶሎ ስለሚታይ የነዋሪውን እምነት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አትዝለሉት። ጭንቀት፣ ድብርት፣ ሐሳብ፣ ልክፍት፣ "ቡዳ በልቷት ነው"... የሚሉትን ቃል እንዳለ መዝግቡ። በራሪ ወረቀቱም የበር ጽሑፉም በዚያ ቃል ነው የሚጻፈው። "የአእምሮ ሕመም ክፍል" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሕዝቡ "የእብድ ክፍል" ብሎ ነው የሚያነበው።

የዕድር_ጸሐፊ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሲስተር ያሉት ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከላይ ነው መጀመር ያለበት። የሃይማኖት አባቶች፣ የዕድር ዳኞችና የአገር ሽማግሌዎች ሳያውቁ ልጆችን ሰብስቦ ስለ ጭንቀት መጠየቅ ማለት በነጋታው "ልጆቻችንን ምን እያስተማሩብን ነው" የሚል ወሬ መጥራት ነው። አንድ የደብር አለቃ ከዐውደ ምሕረት ላይ አንድ ቃል ካሉ እቅዱ አለቀለት።

ሰንበሌጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

» ቅደም ተከተሉ ከላይ ነው መጀመር ያለበት

ጋሼ፣ ፈቃድ ከላይ ይጀምር፤ ውይይቱ ግን አይጀምር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ከተወያዩ ችግሩ ምን እንደሆነ ወስነው ይጨርሳሉ፦ ሱስ፣ ሥነ ምግባር፣ ስልክ። ልጆቹ በኋላ ሲመጡ የሚጠየቁት "በዚህ ትስማማላችሁ ወይ?" ተብለው ነው። ማን በታላቁ ፊት አልስማማም ይላል?

ስለዚህ አለቃውን፣ ሼኹንና የዕድር ዳኛውን በየቤታቸው ሂዱባቸው፣ ለየብቻ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ይሁንታቸውንና አዳራሽ። ሐሳባቸውን በራሳቸው ቡድን ትሰሙታላችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ።

የዕድር_ጸሐፊ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

በዚህስ እስማማለሁ። ግን ሽማግሌ ጋር ባዶ እጅ አይኬድም። ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝ፤ ጥያቄዎቹም ተጽፈው ይሰጧቸው። የደበቃችሁት ነገር እንደሌለ ሲያዩ እነሱው ይከላከሉላችኋል።

ዩኒት_ሊደር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

የቡድን አመራረጥ ላይ ልጨምር። ተማሪ ማግኘት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ሁሉም እቅድ የተማሪ እቅድ ሆኖ ይቀራል። ርዕሰ መምህሩን 10 ልጅ ስጠን ብትሉት የሚሰጣችሁ የሚኒ ሚዲያውን አንባቢ፣ የክበባት ሰብሳቢዎችንና ከ1 እስከ 3 የሚወጡትን ነው። ቀበሌን ብትጠይቁ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠራው ያው ወጣት ይመጣል፤ የሚናገረውንም አስቀድሞ ያውቀዋል።

በትምህርት ቤት ከክፍል ኃላፊ መምህሩ የስም መጥሪያ ላይ በዕጣ አውጡ፦ ከየክፍሉ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። እምቢ ያለ ይለፍ፣ በተጠባባቂ ይተካ። ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትን በዕጣ ማግኘት አይቻልም፤ እዚያ በሰው በሰው መሄድ ነው። አንድ ሊስትሮ ሁለት ጓደኛውን ይጠራል፣ እነሱ ሌላ ሁለት፤ ከአንድ ሰው የሚጀምር ሰንሰለት ግን ከሁለት እርከን አይለፍ፣ አለዚያ ሁሉም የአንድ ሰፈር ልጆች ይሆናሉ።

ዝቅተኛው የቡድን ዝርዝር ይህ ይመስለኛል፦ ተማሪ ሴቶች፣ ተማሪ ወንዶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ የቀን ሠራተኞችና ሊስትሮዎች፣ የገጠር ቀበሌ ወጣቶች (ሴትና ወንድ ለየብቻ)፣ ሕመሙን የሚያውቁት ወጣቶችና አስታማሚዎች፣ ወላጆች። ስምንት ቡድን ማለት ነው። በአንዱ ከ6 እስከ 8 ሰው፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። 12 ሲሆኑ ሦስቱ ያወራሉ፣ ዘጠኙ ያዳምጣሉ።

የቤት ሠራተኞችን የምታገኙት በማታ ትምህርት ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሥራ ቀን ከጠራችኋቸው የምትሰሙት አሠሪዎቻቸውን ነው።

መንገደኛው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ከዓረብ አገር ተመላሾችን ረሳችሁ። ከሳዑዲ፣ ከሊባኖስ፣ ከኩዌት የተመለሱ የ19 እና የ22 ዓመት ሴቶች በየቀበሌው አሉ። በወጣት ስብሰባ አይመጡም፤ ሰው እንደ ትልቅ ሴት ነው የሚያያቸው። በእናቶች ስብሰባም አይመጡም። ቤተሰብ ለጉዞው የተበደረው ዕዳ ገና ስላልተከፈለ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ጥፋተኛ ነው። ለብቻቸው ቡድን ያስፈልጋቸዋል፣ ሴት አወያይ፣ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ራቅ ባለ ቦታ። "ተመላሾች" ብላችሁ በዝርዝር አትጥሩ፤ ያ ስም ራሱ የሚያሸማቅቅ ሆኗል።

ሲስተር_ሳይካትሪ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

መንገደኛው ልክ ነው። ዘጠነኛ ቡድን ይሁኑ። እዚህ ላይ ለሁሉም ቡድን የሚሆን አንድ ደንብ፦ ውይይቱ ስለ ታሪኩ ባለቤት ነው እንጂ ስለ ተሰብሳቢው አይደለም። አወያዩ መግቢያው ላይ "የራሳችሁን ጉዳይ እዚህ አትናገሩ፤ መናገር የሚፈልግ በኋላ ለብቻ ያገኘኛል" ብሎ በግልጽ ይናገር። ያለዚያ አንዷ የደረሰባትን ትዘረግፈዋለች፣ ሰባት ጎረቤት ይሰማታል፣ ማምሻውን መንደሩ ያውቀዋል። በቡድን ውስጥ ምስጢር ይጠበቃል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም፤ መጠበቅ የምትችሉት የራሳችሁን አፍ ብቻ ነው።

ሌላው ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት መዘጋጀት ያለበት ነገር ነው። ስለ ጭንቀት ባወራችሁበት ክፍል ውስጥ "መኖር ሰልችቶኛል" የሚል ሰው ይመጣል፤ ይመጣል ብላችሁ አስቡ። ስለዚህ፦

– በስብሰባው ቀን ተረኛ የሆነ፣ ሥልጠና የወሰደ አንድ ባለሙያ በስም ይታወቅ። ስልኩ ክፍት ይሁን። እሱ ፈቃድ ላይ ከሆነ ስብሰባው ይተላለፍ።
– አወያዩ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብሎ በቀጥታ ይጠይቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። አዎ ካለ፣ በምን እንዳሰበና መቼ እንዳሰበ ይጠይቅ፤ ለባለሙያው እስኪያስረክብ ድረስ ብቻውን አይተወው።
– ወደ ሆስፒታል መውሰጃ መጓጓዣ አስቀድሞ ይያዝ። ባጃጅም ቢሆን፣ ገንዘቡ በአወያዩ እጅ ይኑር።
– ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከልጁም የራሱ እሺታ። ወላጅ ፈቅዶ ልጅ ካልፈለገ አይገባም።

ይህን አራቱን ማሟላት ካልቻላችሁ ስብሰባውን አታድርጉ። የሚቀበል ሰው በሌለበት በር ማንኳኳት ነው የሚሆነው።

እቅድ_ክፍል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

እናመሰግናለን። ወላጅ ፈቃድ ላይ ግን አንድ ችግር ይታየኛል። ቅጹ ላይ "የአእምሮ ጤና" ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛው አይፈርምም።

ዩኒት_ሊደር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:00

"የወጣቶች ጤና አገልግሎት፣ ጭንቀትንና እንቅልፍ ማጣትን ጨምሮ" በሉት። ውሸትም የለበትም። በወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ ደግሞ ቀድማችሁ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ ወላጅ በልጁ በኩል ድንገት ከሚደርሰው ወረቀት ይልቅ ያንን ያምናል።

ሰንበሌጥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ዘጠኙ ቡድን ሁለት ሁለት ዙር ይቀመጣል፤ 18 ስብሰባ ነው። የመጀመሪያው ዙር የታሪኩ ነው። ከዚያ እናንተ ቢሮ ተቀምጣችሁ ከቀስቶቹ ላይ "እንቅፋት" እና "መፍትሔ" አውጡና እያንዳንዱን መፍትሔ በአንድ ካርቶን ላይ ጻፉ፤ ከ12 አይብለጥ። ማንበብ የማይችል ካለ ሥዕል ይኑረው።

ሁለተኛው ዙር የምርጫ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 10 ፍሬ ስጡ፣ ለሴቶቹ ባቄላ፣ ለወንዶቹ ሽምብራ፤ ካርቶኖቹ ፊት ባለ ኩባያ ውስጥ እንደፈለገ ያከፋፍል። ኩባያው የማያሳይ ይሁን፣ አንድ በአንድ ይግቡ። ቆጠራው ሲያልቅ ድምሩን ብቻ አትዩ። ባቄላና ሽምብራው የተለያየበት ካርቶን ነው ወሬው ያለው። ወንዶቹ "ስፖርት ሜዳ" ላይ ሲቆልሉ ሴቶቹ "ሴት ባለሙያ" ላይ ቢቆልሉና ድምሩ እኩል ቢሆን፣ አማካዩ ሁለቱንም ይቀብራቸዋል።

እጅ በማውጣት አታስመርጡ። እጅ ሲወጣ ሰው ካርቶኑን ሳይሆን ጓደኛውን ነው የሚያየው።

ፋርማሲ_በር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ስለ ማሳተፍ ብዙ አወራችሁ፤ ተሳታፊው ሲመጣ የሚቀበለው ምንድን ነው? ፍላጎት ቀስቅሶ ባዶ መደርደሪያ ማሳየት ከመጀመሪያው አለመጥራት ይብሳል።

ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በሁለት ወር አንዴ በሚላከው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ቅጹ የሚያየው ያለፈውን ፍጆታ ነው። ያለፈው ፍጆታ ዜሮ ከሆነ የሚመጣውም ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ እቅዱ ስለጨመረ መድኃኒቱ አይጨምርም። ስለዚህ አገልግሎቱ ከመከፈቱ ቢያንስ ሁለት ዙር፣ ማለትም አራት ወር ቀድሞ፣ የመድኃኒት ባለሙያው በሚጠበቀው ታካሚ ቁጥር አስልቶ ይጠይቅ፤ ለምን እንደጨመረም ማብራሪያ ያያይዝ።

ሁለተኛ፣ ለዚህ ዕድሜ የሚሆነው የትኛው ነው? ጤና ጣቢያ ለድብርት ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው አሚትሪፕቲሊን ነው። በኤም ኤች ጋፕ መመሪያ መሠረት አሚትሪፕቲሊን ለታዳጊ ድብርት አይሰጥም፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደም ልብ ሊያቆም ይችላል። እስከ 12 ዓመት ላሉት ለድብርት መድኃኒት ጨርሶ አይጀመርም። ከ13 ጀምሮ የምክር ሕክምና ተሞክሮ ካልሠራ ፍሉኦክሰቲን ይታሰባል፤ ያኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይጨምር በየሳምንቱ እየታየ። ፍሉኦክሰቲን የወረዳው ዝርዝር ላይ ከሌለ አስገቡት። ለሚጥል በሽታው ፌኖባርቢታል እንዳይቋረጥ፤ በድንገት ሲቆም መጣሉ ብሶ ይመለሳል።

ሲስተር_ሳይካትሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

ፋርማሲ፣ እጅህ ይባረክ። ለአብዛኞቹ ወጣቶች ግን መልሱ ክኒን አይደለም። ከ10 እስከ 15 ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቡድን ሥልጠና አለ፤ ለልጆቹ 7 ክፍለ ጊዜ፣ ለአሳዳጊዎቻቸው 3። ከባለሙያ ውጭ የሆነ ሰው ሠልጥኖ፣ ክትትል እየተደረገለት ሊሰጠው ይችላል። ለትልልቆቹ ደግሞ 5 ጊዜ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሰጥ የችግር መፍታት ምክር አለ። እቅዱ ላይ ክትትሉን አትርሱ። ሠልጣኝ ያለ ክትትል ከተተወ በሦስተኛው ወር ምክሩ "አይዞሽ፣ ጸልዪ" ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አዲስ_ገቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ይቅርታ፣ ዚምባብዌ ውስጥ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያማክሩበት አሠራር አለ አይደል? ለምን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያንን አይሠሩልንም? ወንበር ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሰንበሌጥ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ወንበር ብቻ አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው አያቶቹ ቀድሞውኑ የከተማው ጤና ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ 14 ጥያቄ ያለው በሾና ቋንቋ የተሠራ መለኪያ ነበራቸው፤ ከበላያቸውም ክትትል ነበረ። ሕመሙን የሚጠሩትም ሕዝቡ በሚለው ቃል ነው፣ "ኩፉንጊሲሳ"፣ ሐሳብ ማብዛት እንደማለት። መማር ያለብን ከዚህ ከመጨረሻው ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ጉዳይ፦ ለ5,000 ሰው ሁለት ናቸው፣ ክትባት፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ፣ ወባ... ሁሉ በእነሱ ላይ ነው። ከሥራው ብዛት ባሻገር ሌላ ነገር አለ። ባለሙያዋ የሰፈሩ ልጅ ናት፣ ከእናትሽ ጋር ቡና ትጠጣለች። የ17 ዓመት ልጅ ለእሷ ምስጢር አይነግርም።

በሶዶ ወረዳ፣ ጉራጌ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ፕራይም የተባለው የአምስት አገር የአእምሮ ጤና ፕሮጀክት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማኅበረሰቡ ጋር ማቀዱን በደንብ ሠርቶታል። የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ፣ እቅዱ ከባለድርሻዎች ጋር ከመጨረሻው ውጤት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ተነደፈ፣ ኤክስቴንሽኖችም ታማሚዎችን ቤት ለቤት ለዩ። ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው አብዛኞቹ ተገኝተው ሕክምና ጀመሩ። ድብርት ግን በጤና ጣቢያው ሲለይ የታየው እጅግ ጥቂት ነው። ሳይኮሲስ ለጎረቤት ይታያል፤ ድብርት አይታይም። የወጣት ሕመም አብዛኛው የማይታየው ዓይነት ስለሆነ ኤክስቴንሽኗን ለከባዱ ተጠቀሙባት፤ ለቀረው ወጣቱ በራሱ እግር የሚመጣበት በር ያስፈልጋል።

አዲስ_ገቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:12

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ 🙏

መንገደኛው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

"በራሱ እግር የሚመጣበት በር" ያልሽው ላይ እንቆይ። በሩ እነዚህ ቦታዎች ላይ ይዘጋል፦

ካርድ ክፍል። ወረፋው ፊት ስም በጩኸት ይጠራል፣ "ምን አመመሽ?" ይባላል፣ አጠገቧ የጎረቤት ሴት ቆማለች። እዚሁ ያበቃል።

የጤና መድህን መታወቂያ። በቤተሰብ ስም ነው፣ ብዙ ጊዜም አባት ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ለልጁ "መታወቂያውን ስጠኝ" ማለት "ታምሜአለሁ" ማለት ነው። ለወጣት የምክር አገልግሎት ያለ መታወቂያ፣ ያለ ክፍያ የሚል አንድ መስመር እቅዱ ላይ ይግባ፤ ወጪውም ከየት እንደሚሸፈን ይጻፍ።

ሰዓት። ጤና ጣቢያው ከጠዋት 2:30 እስከ 11:30 ነው፣ ትምህርት ቤቱም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ባለሙያ ማስመደብ ሕንፃ ከመሥራት ይቀላል።

ክፍል። አዲስ በር አትክፈቱ። ወጣት ተስማሚ አገልግሎት የሚሰጥበት ክፍል ካለ እዚያው ጨምሩት። ግን እሱም በብዙ ቦታ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ተብሎ ስለሚታወቅ ያላገባች ልጅ በሩ ላይ መታየት አትፈልግም። ይህን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ የትኛው በር እንደሚሻል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የዕድር_ጸሐፊ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

ጠበሉን ምን ልታደርጉት ነው? ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ይህን ሳይጽፉ እቅድ ማውጣት ወንዝ ሳያዩ ድልድይ መሥራት ነው።

ሲስተር_ሳይካትሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:05

አትከልክሉ። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒት የጀመረ ሰው በጠበል ቆይታው እንዳያቋርጥና በሰንሰለት የሚታሰር ካለ ለጤና ጣቢያ እንዲነገር። "መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው" የሚሉ አባቶች አሉ፤ እነሱን ፈልጋችሁ፣ እንደ ሶዶው በምታቋቁሙት የማኅበረሰብ አማካሪ ቦርድ አስገቡ። ጾምና ክኒንም ይነሣል፤ ጠዋት የሚዋጠውን ወደ ማታ ማዛወር ስለሚቻልበት ሁኔታ ባለሙያው ከአባቶች ጋር ይነጋገር። ሼኹም ጋር በረመዳን ያው ነው።

ሰንበሌጥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ቦርዱን ካነሣችሁ፦ 13 ሰው ይሁን፣ ከዚህ ውስጥ 5ቱ ከ25 በታች፣ ከ5ቱም ቢያንስ 2 ትምህርት ቤት የማይማሩ። ሕመሙን ያለፈበት ሰው አንድ ብቻ አታስቀምጡ፤ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይናገራል፣ ሁለቱም "ናሙና" አይመስሉም። የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት፤ ወጣት ይሄዳል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ወይ ከተማ፣ ስለዚህ ተተኪው ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ።

ውይይት ብቻ አትስጧቸው፣ የሚወስኑት ነገር ስጧቸው። ትንሽም ቢሆን ከበጀቱ የተወሰነ መስመር፣ የክፍሉ ስም፣ የቅዳሜው ሰዓት። ምንም የማይወስን ቦርድ በሦስተኛው ስብሰባ በአበል ብቻ ነው የሚቆመው።

ፋርማሲ_በር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:18

አበል ስትሉ፦ ለካቢኔው ውሎ አበል፣ ለልጆቹ አንድ አምቦ ውኃና አንድ ቦምቦሊኖ ከሆነ ልጆቹ በደንብ ነው የሚያስተውሉት። የመጓጓዣ ገንዘብ ለሁሉም እኩል፣ በዕለቱ፣ በፊርማ። የቀን ሠራተኛው ደግሞ ሥራ ትቶ ነው የመጣው።

ዩኒት_ሊደር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

ጊዜውን ማንም አላነሣም፤ እቅዱ የሚሞተው እዚህ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ እቅድ በሚያዝያና በግንቦት ወደ ላይ ይላካል። ስለዚህ 18ቱ ስብሰባ ከጥር እስከ መጋቢት ማለቅ አለበት። ጥር ላይ ሠርግ አለ፣ ቅዳሜና እሑድን ይበላል። የሁዳዴ ጾም ሲገባ የከሰዓት ስብሰባ ላይ ሰው ተዳክሞ ነው የሚቀመጠው፤ ጠዋት አድርጉት። ሰኔ ፈተና ነው። ክረምት ላይ የገጠሩ ልጅ እርሻ ላይ ነው።

ሌላም ቀን አለ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት የሚለቀቅበት ሳምንት አስቀድሞ ባይታወቅም መምጣቱ ይታወቃል። በዚያ ሳምንት የወጣት ክፍሉ በየቀኑ ይከፈት፣ የክፍል ኃላፊ መምህራንም ስልክ ይደውሉ። ይህን ተማሪዎቹን ብትጠይቁ ከሁሉ በፊት ነው የሚነግሯችሁ።

ሲስተር_ሳይካትሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:52

ወላጆች ቡድን ላይ ደግሞ የፀረ ተባይ ኬሚካል ጥያቄ ይጨመር። ገጠር ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማዎቹን ስታግድ ራስን የማጥፋት ሞት በከፍተኛ ደረጃ ነው የወረደው። ወረዳ ማገድ አይችልም፤ ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ግን ቁልፍ ያለው የጋራ ማስቀመጫ መነጋገር ይቻላል። ግብርና ጽሕፈት ቤቱን ቦርዱ ላይ አስቀምጡ።

እቅድ_ክፍል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:40

ሁሉንም ጽፌአለሁ። አሁን ያለው ረቂቅ፦ ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤና የቤት ለቤት ጉብኝት፣ ከጥር እስከ መጋቢት 9 ቡድን በሁለት ዙር፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ቦርድ፣ የመድኃኒት ጥያቄ ከጥር ጀምሮ በሁለት ዙር። አንድ ነገር ቀረኝ። ከስብሰባው በኋላ "ምን አደረጋችሁበት?" ሲሉን ምን እናሳያቸው?

ሰንበሌጥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:15

አንድ ሰንጠረዥ፣ አምስት ዓምድ፦ ያላችሁት፣ መልሳችን (እሺ / አይሆንም / ቆይቶ)፣ ለምን፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። በአራት ሳምንት ውስጥ በአንድ ገጽ ታትሞ በዘጠኙም ቡድን ዘንድ ይነበብ። ከመልሶቹ መካከል አንድም "አይሆንም" ከሌለ ማንም አያምናችሁም፤ ሁሉን እሺ ያለ መሥሪያ ቤት ምንም እንደማያደርግ ሰው ያውቃል። ለምን እንዳልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ "ቅዳሜ ሙሉ ቀን አይሆንም፣ ያሉን ባለሙያዎች ሁለት ናቸው፤ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ይሆናል።" ልጆቹ እንዲህ ያለውን ይቀበላሉ፤ ቆይተው ደግሞ ይከራከሩበታል፣ እሱም ጥሩ ነው።

መንገደኛው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሰንጠረዡን ቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስትለጥፉ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አትጻፉ። "የቤት ሠራተኞች እንዳሉት" ከተባለ ነገ አሠሪዋ ትጠይቃታለች።

የዕድር_ጸሐፊ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:05

የቦርዱ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ የካርድ ክፍሏንም ሠራተኛ ጥሯት። ዶክተሩ ባይመጣም እሷ ትምጣ።